ነጥቡ ይነሣ ወይስ መስመሩ?

ከጥንታውያን የጂኦሜትሪ ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ ይላል፤ «አንድ ቀጥ ያለ መስመርና ሁለት ነጥቦች ተሰጥተዋል፤ በሁለቱ ነጥቦች ላይ የሚያልፍ፥ መስመሩንም ሳይቆርጥ በአንድ ስፍራ ብቻ የሚነካ ክብ ሥሩ።» ይህ ለተማሪ ቤት ልጆች ብቻ የተተወ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ወሰን ለሚከልል፥ መሬት ለሚለካ፥ በሰው ኑሮ ላይ ውሳኔ ለሚጽፍ ሁሉ የሚሆን ምክር በውስጡ ስላለ ጥቂት ልናሰላስለው ይገባናል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ገደማ የነበረው የጴርጌው አጵሎንዮስ ስለ እነዚህ ክቦች መጽሐፍ ጽፎ ነበር። መጽሐፉ ጠፍቶ፥ ወሬው የደረሰን ከብዙ ዘመን በኋላ በእስክንድርያ የነበረው ጳጶስ ጽፎ ስላቈየልን ነው። ነጥብ፥ መስመርና ክብ ሦስት ሦስት እየሆኑ ሲሰጡ አሥር ዓይነት ጥያቄ ይወጣል፤ ይህ ከአሥሩ አንዱ ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ሁለቱ ነጥቦች ከመስመሩ በአንድ ወገን ቢሆኑ፥ በሁለቱ ላይ ክር ዘርግተን መስመሩን እስኪያገኝ ድረስ እናስረዝመዋለን። ክሩና መስመሩ ከተገናኙበት እስከ ቅርቡ ነጥብ 4 ክንድ፥ እስከ ሩቁ 9 ክንድ ቢሆን፥ ሁለቱ ተባዝተው 36 ይሆናሉ፤ በራሱ ተባዝቶ 36 የሚሰጠው ቁጥር ደግሞ 6 ነው። ስለዚህ ክቡ መስመሩን የሚነካው ከመገናኛው 6 ክንድ ርቆ ነው። ይኸውም 6 ክንድ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሊለካ ስለሚችል የሚገኙት ክቦች ሁለት ናቸው። ክሩ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ አንዱ ጠባብ፥ ሌላው ሰፊ ይሆናል፤ ሆኖም ሁለቱም እውነተኞች ናቸው። ክሩ ከመስመሩ ጋር ትይዩ ሆኖ ፈጽሞ የማይገናኝ ቢሆን ግን መልሱ አንድ ክብ ብቻ ነው። አንዱ ነጥብ ከመስመሩ ወዲህ፥ ሌላው ወዲያ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ክብ አይገኝም። ከወዲህ ወደ ወዲያ የሚሻገር ክብ መስመሩን መቍረጡ ግድ ነውና፥ የሠሪው ብልሃት ቢበዛ፥ ኮምፓሱም ከወርቅ ቢሠራ የሚጠቅም ነገር የለም።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያው ነገር፥ ሰውን «ክቡን አላገኘህም» ብሎ ከመውቀስ በፊት ክቡ ይገኝ እንደ ሆነ መመርመር ነው። የሰው የዕለት ኑሮም ክብ ነው። ገበሬ ከጎጆው ወጥቶ፥ ከብቱን ወደ ግጦሽ ነድቶ፥ ሲመሽ ወደ ምድጃው ይመለሳል። ጎጆውና ግጦሹ ሁለቱ ነጥቦች ናቸው፤ የሕግ ወሰን ደግሞ መስመሩ ነው። ወሰኑ በጎጆውና በግጦሹ መካከል ሲያልፍ፥ ያ ሰው ሕግ ሳይጥስ የሚኖርበት ክብ ጠፋ ማለት ነው። በየዕለቱ ብንቀጣው በየዕለቱ ይሻገራል፤ ጥፋቱም ከጠባዩ ሳይሆን ከሥዕሉ የመጣ ነው።

ይህ ነገር በሐሳብ ብቻ የሚቀር አይደለም። ከጎንደር ተነሥተን፥ በዳባት አልፈን ደባርቅ ስንደርስ፥ ከዚያም በገደሉ አፋፍ ወደ ሳንቃ በር ስንወጣ ጥያቄው በምድር ላይ ተጽፎ እናገኘዋለን። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1969 ዓ.ም. በሕግ ተቋቋመ፤ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ዋልያው ስለ ተመናመነ፥ እርሻውም ስለ ገፋ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ።

በእነዚህ ዓመታት መካከል ሁለት ዓይነት ሥራ ተሠርቷል። አንደኛው መስመሩን ማንሣት ነው። በዳርቻ ያሉ መንደሮች ከወሰኑ ውጭ እንዲሆኑ ድንበሩ እንደ ገና ተሠመረ፤ በሌላ በኩል ደግሞ ወደ ሊማሊሞና ወደ ራስ ዳሽን እንዲሰፋ ተደረገ። «ሕግ ለአንድ ጎጆ ብሎ አይንቀሳቀስም» ለሚል ሰው ይህ በቂ መልስ ነው፤ የሰው እጅ ያሠመረውን የሰው እጅ ያቃናዋልና።

ሁለተኛው ነጥቡን ማንሣት ነው። በግጭ መንደር ጎጆውም ግጦሹም ከወሰኑ በውስጥ ነበሩ። ክቡ ሳይጠፋ በተከለከለው ወገን ተገኘ። ዋልያ ደግሞ ከስሜን ተራሮች በቀር በዱር የሚኖርበት ሌላ አገር በዓለም ላይ የለውም፤ የእርሱ ነጥብ የሚነሣ አይደለም። ስለዚህ በ2016 የግጭ ሰዎች ተነሥተው ወደ ደባርቅ ወረዱ።

ነጥብ ከወረቀት ላይ ሲፋቅ ሥፍራው ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ሰው ከቀዬው ሲነሣ ግን የአባቱ መቃብር፥ የገብስ ማሳው፥ የጎረቤቱ ድምፅ ወደ ኋላ ይቀራሉ። መስመር ለማንሣት ቀለም ይበቃል፤ ነጥብ ለማንሣት ግን ዕዳ መግባት ግድ ነው። «ከተማ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት አለው፤ ምን ጐደለባቸው?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፥ እነዚህ ታላላቅ በረከቶች ናቸው። ነገር ግን ጂኦሜትሪው ይመልስልናል፤ በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ የሚያልፉ፥ መስመሩንም የሚነኩ ክቦች ስፍር ቍጥር የላቸውም። ቤት ብቻ የተሰጠው ሰው መንገዱ ሁሉ የተከፈተለት ይመስላል፤ ነገር ግን እንጀራ የሚያገኝበት ሁለተኛው ነጥብ ካልተሰጠው በየትኛው ክብ እንደሚዞር አያውቅም። ከገበሬ የተነሡት ሁለት ነጥቦች ናቸውና የሚመለሱለትም ሁለት መሆን አለባቸው፤ ቤቱና መተዳደሪያው።

ስለዚህ ወሰን የሚከልል ሁሉ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። ነጥቦቹ ከመስመሩ በየትኛው ወገን ናቸው? ክብ ከሌለ፥ በቀለም የሚቃናው መስመሩ ለምን አይቃናም? መስመሩ የማይነሣበት እውነተኛ ምክንያት ካለ ደግሞ፥ ለሚነሣው ሰው ሁለቱም ነጥቦች ተዘጋጅተዋልን? ነገር ከሥሩ፥ ውሃ ከጥሩ እንደሚባለው፥ ይህን አስቀድሞ የመረመረ ሹም ሕግንም ዋልያንም ሰውንም ይጠብቃል። ሳይመረምር ያሠመረ ግን ለመስመሩ ዘበኛ ሲያቆም ይኖራል፤ የተቸገረውም ሰው በሌሊት ሲሻገር ያድራል።