ክፍሉ ሲስቅ አትደንግጡ
ለሁምቦ ወጣት መምህራን

ልጆቼ፣ ዘንድሮ ጠበላ ከተማም ሆነ ከዚያ ወጣ ባሉት የሁምቦ ቀበሌዎች የተመደባችሁ አዲስ መምህራን፣ ኮሌጅ ውስጥ ብዙ የምዘና ዘዴ ተምራችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። እኔ በዕድሜዬ ያመንኩበትን አንዱን ልጨምርላችሁ። ታሪክ እየተነበበለት በሰዓቱ የሳቀ ልጅ፣ የተነበበለት ገብቶታል። «ገባችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሰባ ልጅ በአንድ ድምፅ «አዎ መምህር!» ይላችኋል፤ ያ «አዎ» እንደ ደህና አደራችሁ መልስ ያለ ነው፣ ማንም አስቦበት አይናገረውም። ሳቅን ግን ልጅ በይሉኝታ ሊያመጣው ቢሞክር እንኳ ትንሽ ይዘገያል። ያቺን መዘግየት መስማት የቻለ መምህር ብዙ ነገር ያውቃል።

ስለዚህ የሚያስቅ መጽሐፍ ይዛችሁ ግቡ። በአንድ ቀን የማያልቅ፣ ምዕራፍ በምዕራፍ የሚሄድ ይሁን። እኔ ለዚህ የምወደው አንድ የፈረንጅ መጽሐፍ አለ። ቤቲ በርኒ የምትባል አሜሪካዊት ደራሲ በ2004 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ነው፤ ተራኪው ሃምፍሪ የሚባል ሃምስተር ነው። ሃምስተር ጉንጩ ውስጥ ምግብ የሚያከማች፣ ጭራው አጭር የሆነ የአይጥ ዘመድ ነው፤ እዚያ አገር በሽቦ ቤት አስቀምጠው ይቀልቡታል። ሃምፍሪ የሚኖረው ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ክፍል 26 ነው። ቅዳሜና እሁድ ሲመጣ በየተራ ከአንዱ ተማሪ ጋር ወደ ቤቱ ይሄዳል። የሽቦ ቤቱ መቆለፊያ እንደማይሠራ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነውና ሰው ዞር ሲል ይወጣል፣ ያያል፣ በማያገባው ይገባል።

እናንተ ይህን ስትነግሯቸው የሁምቦ ልጅ ገና ከመነሻው ይስቃል። እኛ ዘንድ አይጥ በቆሎ የምትጨርስ ጠላት ናት። የሚሮጥበት መንኮራኩር የተገዛለት፣ አትክልት እየተቆረጠ የሚቀርብለት አይጥ አለ ስትሏቸው አንዱ ተነስቶ «ድመት የላቸውም እንዴ?» ይላችኋል። አታስቀምጡት! ያ ልጅ የሰማውን ከሚያውቀው ጋር አስተያይቶ ጥያቄ አወጣ፤ በትምህርት እቅዳችሁ ላይ «ተማሪዎች ምንባቡን ከሕይወታቸው ጋር ያዛምዳሉ» ብላችሁ የጻፋችሁት እኮ ይኸው ነው። ቁርስ ሳይቀምስ የመጣ ልጅም ክፍሉ ውስጥ እንዳለ ግን አትርሱ። የሃምፍሪን ቀለብ ስትዘረዝሩ አታብዙት፣ ቶሎ ወደ ጉዱ እለፉ።

በመጽሐፉ ውስጥ እኔን ከሁሉ ያሳቀኝ፣ ሳቄን ስጨርስም ያሳሰበኝ፣ የልጆቹ ስም ነው። ሃምፍሪ የተማሪዎቹን ስም የሚማረው ከመምህሯ አፍ ነው። አንዱን ልጅ ሁልጊዜ «ድምፅህን ቀንስ» ስለምትለው ሃምፍሪ የልጁ ሙሉ ስም «ድምፅህን-ቀንስ-ኤጄ» ይመስለዋል። ሌላው «ደወሉን-ጠብቅ-ጋርዝ» ነው። ድምፅዋ የማይሰማ አንዲት ልጅ ደግሞ «ጮክ-በይ-ሳዬህ» ሆናለች። ይህን ምዕራፍ ካነበባችሁላቸው በኋላ፣ ሃምፍሪ እኛ ክፍል ቢመጣ ማንን ምን ብሎ ይጠራ እንደነበር ጠይቋቸው። ልጆቹ የእናንተን አፍ በደንብ ያውቁታል፤ ሲነግሯችሁ ትስቃላችሁ። ማታ ብቻችሁን ስትሆኑ ደግሞ ታስቡበታላችሁ። እዚህ ላይ ብቻ ጠንቀቅ በሉ፤ ሳቁ ወደ አንድ ምስኪን ልጅ ካዘነበለ ወዲያው ወደ ራሳችሁ መልሱት። «እኔንስ ምን ይለኝ ነበር?» ማለት ይበቃል።

ሳዬህን ለብቻዋ ላንሳት። ቤተሰቦቿ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው፤ ክፍል ውስጥ የማትናገረው አነጋገሯ የሚያሳፍራት ስለሚመስላት ነው። ሃምፍሪ ቤቷ ሲሄድ እናቷ እንግሊዝኛ አትናገርም፤ እንስሳው የሚሰማው እንግሊዝኛ ብቻ ነው ተብሎ ቤተሰቡ ሁሉ ለእሱ ሲል በእንግሊዝኛ መንተባተብ ይጀምራል። እናንተ የምታስተምሩት ልጅ ቤቱ በወላይትኛ አድጎ፣ ወላይትኛን በላቲን ፊደል፣ አማርኛን በግዕዝ ፊደል፣ እንግሊዝኛን እንደገና በላቲን የሚቆጥር ልጅ ነው። ሦስት ቋንቋና ሁለት ፊደል በአንድ ትንሽ ራስ! ሳዬህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እንግዲህ ሳቁን እንዲህ ስሙት። የሚያስቀውን ቦታ መጀመሪያ በአማርኛ ተርኩትና ዝም በሉ። ማን ቀድሞ እንደሳቀ፣ ማን ጎረቤቱን አይቶ እንደተከተለ እዩ። ከዚያ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በወላይትኛ ድገሙት። ሁለተኛው ሳቅ ከመጀመሪያው ከበለጠ ልጆቹን የያዛቸው ቋንቋው ነው፤ ማሰቡን ችለውታል። በሁለቱም ከሳቁ ወደፊት ቀጥሉ። በሁለቱም ዝም ካሉ ቀልዱ አልሠራም፤ ያ ሲሆን ማስረዳት አትጀምሩ፣ የተብራራ ቀልድ ማንንም አስቆ አያውቅም። ወላይትኛ የማትችሉ ከሆነ ከልጆቹ አንዱን አስነሱና እሱ ይድገመው፤ ከእናንተ አሳምሮ ነው የሚናገረው። ለጀርባ ወንበር ልጅ ክብር የሚገኘው አንዳንዴ በዚህ ነው።

መጽሐፉ አንድ ብቻ ነው ብላችሁ አትጨነቁ። ለሰባ ልጅ ሰባ ቅጂ ማን ያመጣል? ማታ አንድ ምዕራፍ አንብቡ፣ ጠዋት በራሳችሁ ቃል ተርኩት፣ መካከል ላይ አንድ ወይም ሁለት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ከመጽሐፉ ላይ እያሳያችሁ አንብቡ፤ ልጆቹ ታሪኩ ከዚያ ወረቀት እንደሚወጣ በዓይናቸው ይዩ። ከአርባው ደቂቃ አሥሩ ይበቃል። ምዕራፉን ደግሞ ሁልጊዜ አትጨርሱት። በተለይ ከገበያ ቀን በፊት ባለው ቀን፣ ሃምፍሪ ከሽቦ ቤቱ ወጥቶ የሰው ኮቴ ሲሰማ ላይ ደርሳችሁ መጽሐፉን ክደኑ። በገበያ ቀን ወንበሩ ባዶ እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ እናቱ እቃ ልታሸክመው ስትል «መጀመሪያ አይጡ አመለጠ ወይ ልስማ» የሚል ልጅ ካገኛችሁ ትልቅ ነገር ነው።

ሱፐርቫይዘር በሩን ከፍቶ ሲገባ ክፍሉ በሳቅ ሲናወጥ ቢያገኘውስ? ይህ ወጣት መምህርን እንደሚያስፈራ አውቃለሁ። በእቅዳችሁ ላይ «የማዳመጥ ክሂል» ብላችሁ ቀድማችሁ ጻፉት፤ ውሸት አይደለም። እሱ ሲገባ ታሪኩን አታቋርጡ፣ ወንበር ስጡትና ቀጥሉ። የሚያስቀው ቦታ ሲደርስ እሱም ሰው ነው።

በአሜሪካ ይህንኑ የሃምፍሪን መጽሐፍ አንድ ትምህርት ቤት በሙሉ፣ ከትንሹ እስከ ትልቁ፣ በአንድ ጊዜ የሚያነብበት አሠራር አለ፤ ወላጅ ማታ ማታ ቤት ውስጥ ለልጁ ያነብለታል። እዚህ ነገሩን ገልብጡት። ማታ እሳት ዳር የሚተርከው ልጁ ይሁን፤ እናትና አያት ያዳምጡ። በማግስቱ «አያትህ ምን አለች?» ብላችሁ ጠይቁ። አያት የአይጥ ታሪክ ሰምታ ዝም አትልም፤ የራሷን ትጨምራለች። ያ የጨመረችው ተረት ሌላ የማይገዛ መጽሐፍ ነው።

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ነገር ነው የሚላችሁ ካለ ስለ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ንገሩት። ነገሌ ቦረና ተወልዶ፣ ከትምህርት ቤት ውጭ የሆነ መጽሐፍ በእጁ የገባው በ19 ዓመቱ ነበር። ተሰድዶ ሳን ፍራንሲስኮ በልጆች ቤተ መጻሕፍት ሲሠራ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ፈልጎ አጣ። ከዚያ ራሱ ያዘጋጀውና በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሞኙን የማሞን ተረት ነው፤ በሁለት ቋንቋ፣ ባለ ቀለም ሥዕል። ከስንቱ ቁም ነገረኛ ተረት መካከል የሞኝ ታሪክ መምረጡን ልብ በሉ፤ ልጅ ከማሞ ቀድሞ ስህተቱን ያያል፣ ከማሞ የበለጠ ብልህ ሆኖ ይስቃል። በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ እዚሁ ቅርባችን ሐዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ተጀመረ። አህያ መጽሐፍ ጎትታ ከመጣች በኋላ፣ እንስሳ ትምህርት ቤት ምን ያደርጋል የሚል ሰው መልስ አያጣም።

እውነተኛ እንስሳ ክፍል ውስጥ እናስገባ ወይ ለምትሉኝ፣ እኔ አልመክርም። ሰባ ልጅ ባለበት ክፍል ጫጩት ውላ አታድርም። ከዱር የተያዘ ነገርማ ጨርሶ አይሆንም። ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሁምቦ የደን ማኅበራት ከልለው በያዙት 2,728 ሄክታር ተራራ ላይ፣ ተቆርጦ የነበረው ግንድ ከሥሩ እየበቀለ ደን ሲሆን የዱር እንስሳቱም ተመልሰዋል። ያ ደን ከአየር ለሚይዘው ካርበን ገንዘብ ስለተከፈለበት ዓለም ስሙን ያውቀዋል፤ ልጆቻችሁ ግን የሚያውቁት ጦጣዋን ነው። የጦጣ ግልገል ይዞ የሚመጣ ጎበዝ አይጠፋም፤ ትነክሳለች፣ የእብድ ውሻ በሽታም በንክሻ ይመጣል። ይዞ የመጣውን ሳትቆጡ፣ ወደ ያዘበት እንዲመልሳት ሸኙት።

ጦጣዋ ክፍል ትግባ ከተባለ በደብተር በኩል ትግባ። የሃምፍሪ መጽሐፍ ሲያልቅ ልጆቹ ሌላ እንድትጀምሩ ይጎተጉቷችኋል፤ ደራሲዋም ቀጣዮቹን ጽፋለች፣ በሁለተኛው ኦግ የሚባል እንቁራሪት ይመጣል። እናንተ ግን ከዚያ በፊት አንድ ምዕራፍ እነሱ ይጻፉ በሉ። ጦጣ፣ ፍየል፣ ውሃ የምታመላልስ አህያ፣ የፈለጉትን ይምረጡ፤ እንስሳው በክፍሉ መስኮት እያየ ይተርክ። መጻፍ የሚያቅተው ልጅ በወላይትኛ ይንገራችሁና እናንተ እንደተናገረው ጻፉለት፤ ስሙን ከላይ ራሱ ይጻፍ። ፊደል ስህተት ለማረም አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ጮክ ብላችሁ ለክፍሉ አንብቡት፣ የት ላይ እንደሳቁም ለጸሐፊው ምልክት አድርጉለት።