ሁሉም በሚጽፍበት ዘመን አራሚው ማን ነው?

ጋዜጣም ሆነ መጽሐፍ ሲታተም በጸሓፊውና በአንባቢው መካከል አዘጋጅ፣ አራሚና አሳታሚ ይቆማሉ። ሐሰት ቢወጣ የሚጠየቀው ማን እንደ ሆነ ይታወቃል። ኢንተርኔት ግን ይህን ሥርዓት እጅግ ለውጦታል።

ቲም በርነርስ-ሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1990 የሠራው የመጀመሪያው የድረ ገጽ ማንበቢያ ለመጻፍም የሚያገለግል ነበር። በኋላ የተስፋፉት ማንበቢያዎች ግን ይህ ችሎታ አልነበራቸውምና ለዓመታት ጥቂቶች ይጽፉ፣ ብዙዎች ያነቡ ነበር። በ2001 ውክፔዲያ፣ በ2005 ዩቲዩብ ሲመጡ አንባቢው ራሱ ጸሓፊ ሆነ።

ይህ ለውጥ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ዕውቀት ያለው ሁሉ ማዕረግም ገንዘብም ሳይጠየቅ ያለውን ለሌላው ማካፈል መቻሉ ትልቅ በጎ ነገር ነው። ጥያቄው የአዘጋጁ ወንበር ባዶ በሆነ ጊዜ ግዴታው ወዴት ሄደ የሚል ነው።

አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ጆን ሲገንታለር የሮበርት ኬኔዲ ረዳት የነበሩ፣ በቀብራቸውም ዕለት አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ ናቸው። በግንቦት 2005 እ.ኤ.አ. ስሙን ያልገለጸ አንድ ሰው እኒህ ሰው በሁለቱ የኬኔዲ ወንድማማቾች ግድያ ተጠርጥረው እንደ ነበር በውክፔዲያ ጻፈ። ሐሰቱ አራት ወር ያህል ቆየ፤ ወደ ሌሎች ድረ ገጾችም ተቀዳ። በዓመቱ መጨረሻ ጸሓፊው ራሱን ገልጦ፣ የሥራ ባልደረባውን ለማሳቅ ያደረገው ቀልድ እንደ ነበር ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀ። ሲገንታለርም ሳይከሱት ቀሩ።

ታዲያ በደለኛው ቀልደኛው ብቻ ነውን? ሐሰቱ ከተጻፈ ከሦስት ቀን በኋላ ሌላ ሰው ያንኑ ጽሑፍ ከፍቶ፣ ፊደሏ የተሳሳተች አንዲት ቃል አቃንቶ ሄዷል። የፊደሉን ስሕተት አየ፤ በሰው ስም ላይ የወደቀውን ግን አላነሣም። ምናልባት እውነት መስሎት ይሆናል፤ ምናልባትም ማጣራቱ የእርሱ ድርሻ አልመሰለውም። ከቀልደኛው ይልቅ ብዙዎቻችን የምንመስለው ይህን ሰው ነው።

በመንደር ስም ያጠፋ ሰው ቢጸጸት፣ የሰሙትን ያውቃቸዋልና ከቤት ወደ ቤት ዞሮ እውነቱን ሊናገር ይችላል። በኢንተርኔት ስም ያጠፋ ግን ያነበቡትን አያውቃቸውም፤ ጽሑፉ ቢሰረዝም ካሣው ጎዶሎ ነው። አበው «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ያሉት በዚህ ላይ ይብሳል።

እንግዲህ የአዘጋጁ ግዴታ አልጠፋም፤ ለእያንዳንዳችን ተከፋፈለ እንጂ። የሚጽፍ ሰው በስሙ ሊፈርምበት የማይደፍረውን አይጻፍ። የሚያስተላልፍም ከየት እንደ መጣ ሳይጠይቅ አያስተላልፍ። ሐሰት መሆኑን እያወቀ በዝምታ የሚያልፍም፣ ማረም የሚችልበት መንገድ በእጁ ነውና፣ ከተጠያቂነት አያመልጥም። ወጣቶችን የምታስተምሩ ወገኖች ስለ ሐሰት ምስክርነት ስታስተምሩ ምሳሌውን ከሸንጎ ብቻ አታምጡ፤ በእጃቸው ካለው ስልክም አምጡላቸው።