በዓይን የማትታይ ጥፋት

ሰው የሚጠየቀው ለሚታየው ጥፋቱ ብቻ ነውን? ወይስ ማንም ለማያያት፣ እርሱም ራሱ ለማያስተውላት ለትንሿ ጥፋቱ ጭምር? ይህን ጥያቄ እንድናነሣ ያደረገን የአንድ ሐይቅ ታሪክ ነው።

በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያና በኔቫዳ ድንበር ላይ፣ ታሆ የሚባል ሐይቅ አለ። ጥልቀቱ 501 ሜትር ሲሆን በውኃው ጥራት ስሙ የተጠራ ነው። ተመራማሪዎች እንደ ሳሕን ያለ ነጭ ክብ ነገር በገመድ እያወረዱ ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት ይለካሉ። በ1968 እ.ኤ.አ. ያ ነጭ ነገር በአማካይ እስከ 31 ሜትር ድረስ ይታይ ነበር፤ በ2021 ግን 19 ሜትር ሳይደርስ ይሰወር ነበር።

በዚያው በ2021 ካልዶር የተባለው የደን ቃጠሎ ወደ ሐይቁ አካባቢ ዘልቆ ጢሱ ሰማዩን ሸፈነ፤ ጥቀርሻና አመዱም በውኃው ላይ ረገፈ። ጥቀርሻ ብርሃንን ይጋርዳል፤ በአመድ ውስጥ ያለው ናይትሮጅንና ፎስፎረስም አልጌ የተባለውን የውኃ አረንጓዴ ይመግባል። ይህን የሰማ ሰው «የሐይቁ ጠላት እሳቱ ነው» ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን ጥፋቱ በእሳቱ ብቻ የሚላከክ አይደለም። ውኃው ከዚያ ቃጠሎ በፊት ለብዙ ዓመታት ሲደበዝዝ ኖሯል። በ2010 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ ሐይቁን ከሚያደፈርሱት ደቃቅ ቅንጣቶች ከ100 እጅ 70 ያህሉ የሚመጡት ከመንገድና ከከተማ ነው። በበረዶ ጊዜ መኪና እንዳይንሸራተት በአስፋልት ላይ የሚበተነው አሸዋ በጎማ ይፈጫል፤ ጎርፍም ጠርጎ ወደ ሐይቁ ያወርደዋል። አንዷ ቅንጣት የፀጉር ውፍረት ሩብ እንኳ አትሆንም፤ ከቅለቷም የተነሣ ቶሎ አትዘቅጥም፤ በውኃው ውስጥ እንዳለች ብርሃንን ትበትናለች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ ትቢያም ቢያብር ሐይቅ ያደፈርሳል።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛም ደጃችንን ጠርገን፣ ጥራጊውን ወደ ቦይ ገፍተን፣ «አጸዳን» ብለን እጃችንን እንታጠባለን። በሐዋሳም ሆነ በቢሾፍቱ ግን ከከተማው የሚወርደው ጎርፍ ሐይቅ ይገባል። ቆሻሻው ከዓይናችን ራቀ እንጂ አልጠፋም።

«እኔ ብቻዬን ብተው ሐይቁ ይጠራልን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ አይጠራም። ዳሩ ግን እያንዳንዱ ሰው በዚህ አነጋገር ነጻ ከወጣ፣ ሐይቁ ደፍርሶ ሳለ አንድም ጥፋተኛ አይገኝም ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የድርሻችን ማነስ ዕዳችንን ያሳንሰዋል እንጂ አይሰርዘውም።

እሳቱን መውቀስ ይቀላል፤ ትልቅ ነው፣ ይታያል፣ የእኛም አይደለም። ትቢያው ግን የእኛ ነው፤ የእኛ በመሆኑም ልናስቀረው እንችላለን። በታሆ ዙሪያ ያሉ ሰዎች መንገዳቸውን ይጠርጋሉ፤ ጎርፉንም አጠራቅመው ቅንጣቱ እንዲዘቅጥ ያደርጋሉ። እኛም በሚመጣው ቅዳሜ መጥረጊያ ስናነሣ፣ ጥራጊው የት እንደሚደርስ አስቀድመን እንጠይቅ።