ለሁሉም የሚሆን ውኃ

ሁሉን እኩል መያዝ ፍትሕ ነውን? ጥያቄው የዳኛና የሽማግሌ ይመስላል። እኔን ግን ሰሞኑን ያከራከረኝ በዓሣ ገንዳ ሳቢያ ነው።

ደብረ ሲና የሚኖር አንድ ወዳጅ አለኝ። ሰው ቤቱን በአበባ ሲያሳምር እሱ በመስታወት ገንዳ ነው። ውኃው የወንዝም የባሕርም አይደለም፤ መሐል ላይ ነው። የባሕር ውኃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ይይዛል፤ የእሱ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ውስጡ ሞሊ የሚባሉ ዓሦች፣ ወርቃማ ዓሣና ድንጋይ ላይ የታሰረ ጃቫ ፈርን የሚሉት ተክል አለ። የደብረ ሲና ብርድ የታወቀ ነውና ማሞቂያ ተገጥሞለታል። መብራት ሲጠፋ ገንዳው ጋቢ ይለብሳል!

“ለምን ደባለቅሃቸው?” አልኩት።

“ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ይድረስ ብዬ ነዋ! ለአንዱ ካደላሁ በደል ነው።”

አነጋገሩ ያሳምናል። እኛስ ስናስታርቅ “አንተም ተው፣ አንተም ተው” ብለን መሐል ላይ አይደል የምናገናኘው?

ነገር ግን ሞሊ በተፈጥሮዋ የመሐል ናት። በትውልድ አገሯ በሜክሲኮና በመካከለኛው አሜሪካ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ውኃ ጭምር ትኖራለች። ወርቃማው ዓሣ ደግሞ የቀዝቃዛና ጨው አልባ ውኃ ልጅ ነው። ሰውነቱ የተሠራው ያለማቋረጥ የሚገባበትን ውኃ እንዲያስወጣ ነው። ጨው በጨመረ ቁጥር ይህ ሥራው ይዛባል፤ መጠኑን ካለፈ ደግሞ የራሱ ውኃ ከሰውነቱ መውጣት ይጀምራል። ውኃ ውስጥ ሆኖ ውኃ ይጠማዋል ማለት ነው። እንግዲህ ያ “መሐል” ለአንዷ ቤቷ ነው፤ ለሌላው ቅጣት።

“ሲቸገር አላየሁም፤ ዝም ብሎ ይዋኛል” ይላል ወዳጄ። ታዲያ ዓሣ ምን ያድርግ? ይጩህ? ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ የወርቃማው ዓሣ ዝምታ ግን ስምምነት አይደለም። በስንቱ ቤት ነው ከገጠር የመጣችው የዘመድ ልጅ “የምንበላውን ትበላለች፣ ምን ጎደላት? ምንም አላለችም” የምትባለው?

“መደባለቅ ክፉ ነው ልትለን ነው?” ትሉኝ ይሆናል። አልወጣኝም። እሑድ ቀን ወደ ይፋት ቆላ ውረዱና ሰንበቴ ገበያ ግቡ። አርጎባው፣ አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ ይገበያያል። ደገኛው ላቡን እየጠረገ ዋጋ ይከራከራል። ማንም ግን በመስታወት አልታጠረም። በእግሩ መጥቷል፤ ሲመሽ ወደሚስማማው አየር ይመለሳል። ልዩነቱ በሩ ነው። መውጫ ባለበት መደባለቅ ጉርብትና ነው። መውጫ በሌለበት ግን ዕዳው ሁሉ የደባላቂው ነው።

ገንዳው ደግሞ የወዳጄ ብቻ አይደለም። አፋር ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ፣ የአፍዴራ ሐይቅ አለ። በዚያ ጨዋማ ውኃ፣ በተለይ ፍል ምንጮች በሚገቡበት ዳርቻ፣ ትንንሽ ዓሦች ይኖራሉ። ከእነሱ አንዱን ዝርያ አበበ ጌታሁንና ኬኔት ላዛራ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ አስተዋውቀውታል፤ ከአፍዴራ በቀር መኖሪያ የለውም። ከዚሁ ሐይቅ እየተሳበ በፀሐይ የሚደርቀው ውኃ ነው ብዙውን የአገራችንን የገበታ ጨው የሚሰጠን። ወጣችንን ባጣፈጥን ቁጥር ከዚያ ገንዳ እየቀዳን ነው። ያ ዓሣም በር የለውም።

ዓሣ ማርባት ኃጢአት አይደለም፤ ጨው መብላትም እንደዚያው። በሩን የያዘ ሰው ግን “ሁሉንም እኩል ያዝኩ” ብሎ ሊያርፍ አይችልም። የእያንዳንዱን ተፈጥሮ የማወቅ ግዴታ አለበት፤ የማይስማማውን ካወቀ ደግሞ ሌላ ገንዳ የማዘጋጀት።

እስቲ ዛሬ ማታ፣ ቤታችሁ ውስጥ “ምንም አትልም” የምትባል ካለች፣ ጠጋ ብላችሁ ጠይቋት።