አያት ያሳደገው

«አያት ያሳደገው!» በአገራችን ይህ ስድብ ነው። ቅምጥል የሆነ፣ ተው ሲሉት የማይሰማ፣ የፈለገውን ካላገኘ መሬት ላይ የሚንከባለል ልጅ ባጋጠመ ቁጥር ከሰው አፍ የሚወጣው ቃል ይኸው ነው። ወላጅ ሲቆጣ አያት ትደብቃለች፤ ወላጅ አለንጋ ሲያነሣ አያት በነጠላዋ ትሸፍናለች፤ በዚህ መካከል ያደገ ልጅ ቅጣት የማያውቅ ይሆናል ነው ነገሩ።

እኔም አያት ያሳደገኝ ነኝ። አያቴን «እማዬ»፣ እናቴን ግን በስሟ እየጠራሁ ነው ያደግሁት። ስድቡን ከጎረቤትም ከመምህርም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ዛሬ ራሴ የልጅ ልጅ ለማየት በደረስሁበት ዕድሜ መለስ ብዬ ሳስበው፣ በስድቡ ውስጥ እውነትም ሐሰትም አገኛለሁ። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ላንሣ፤ አያት ለልጅ የምትሰጠው፣ ወላጅ ግን ሊሰጠው የማይችል ነገር ምንድን ነው? ክርስቲያን ነኝ ለሚል ሰውስ መልሱ ምን ይሆናል?

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ «አያት ያሳደገው» ሊባል የሚችል አንድ ወጣት አለ፤ ጢሞቴዎስ። እናቱ አይሁዳዊት፣ አባቱ ግን ግሪካዊ እንደ ነበር የሐዋርያት ሥራ ይነግረናል። ቅዱስ ጳውሎስ በሁለተኛው መልእክቱ የዚህ ወጣት እምነት ከየት እንደ መጣ ሲቆጥር የሚጀምረው ከአያቱ ከሎይድ ነው፤ ከዚያ ወደ እናቱ ወደ ኤውንቄ ይወርዳል። የአባቱን ስም አያነሣም።

ይህን ከእኛ ልማድ ጋር እስቲ እናስተያየው። እኛ መታወቂያ ስናወጣ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም እንጠየቃለን፤ አያት የተባለው ግን ምንጊዜም ወንዱ አያት ነው። ከመወለዴ በፊት የሞተው፣ መልኩን እንኳ የማላውቀው አያቴ ስሙ በየወረቀቴ ላይ ሰፍሯል። ያሳደገችኝ ሴት ስም ግን በአንዱም ላይ የለም። የሐዋርያው ወረቀት ከእኛ ወረቀት የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ እርሱ የቆጠረው የዘር ሳይሆን የእምነት ሐረግ ስለ ሆነ፣ የአሮጊቷ ስም እስከ ዛሬ ይነበባል።

ከቅዱሳን ታሪክም አንድ ምስክር ልጨምር። በ4ኛው መቶ ዘመን የቂሣርያ ጳጳስ የነበረው ታላቁ ባስልዮስ፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ የሚጠራለት አባት ነው። ይህ ታላቅ ሊቅ ሃይማኖቱ በተጠረጠረ ጊዜ በደብዳቤው ከጠቀሳቸው ምስክሮች አንዷ ገና በሕፃንነቱ ያስተማረችው አያቱ ማክሪና ናት። እርሷም ያስተማረችው የሰማችውን ብቻ አልነበረም፤ በስደቱ ዘመን ከባሏ ጋር በጰንጦስ ጫካ ውስጥ ለዓመታት ተሸሽጋ የኖረች ሴት ናት። ልዩነቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል። እናት ልጇን «እግዚአብሔር ይጠብቅሃል» ስትለው ተስፋዋን መናገሯ ነው፤ አያት ይህንኑ ቃል ስትናገር ግን የደረሰባትንና ያለፈችበትን መመስከሯ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ያማረ ነው። ይሁን እንጂ አያትን ማመስገን ቀላል ነው፤ ከባዱ እውነቱን ሁሉ መናገር ነው።

አያቴ ረቡዕና ዓርብን የምትጾም፣ ውዳሴ ማርያምን በቃሏ የምትደግም ሴት ነበረች። ከግቢያችን በታች ሸክላ እየሠራች የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት፣ በዕድሜ ልጇ የምትሆን አንዲት ሴት ትኖር ነበር። አያቴ ጀበናና ድስት ከእርሷ ትገዛለች፤ ቤቷ ግን አትገባም፤ ለቡናም አትጠራትም። ልጇ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነበር። 8 ዓመት ገደማ ሳለሁ አንድ ቀን ከእነርሱ ቤት ቆሎ በልቼ ብመጣ፣ አያቴ አፌን በውኃ አስጉመጠመጠችኝ፤ ጤና አዳም በጨርቅ ቋጥራም አንገቴ ላይ አሰረችልኝ። «ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ዓይናቸው ነው» አለችኝ። እኔም አመንኋት። በማግሥቱ ከልጁ አጠገብ ተነሥቼ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ለምን እንደ ሆነ አልጠየቀኝም፤ ያውቅ ነበር።

እንግዲህ ጸሎት ያስተማረችኝ አፍ ይህንንም አስተማረችኝ። ከአያት የሚወረሰው እምነት ብቻ አይደለም። ንቀትም፣ የዘር ቂምም በዚያው ጉልበት ላይ፣ በዚያው ለስላሳ ድምፅ ይወረሳል። ታላቁን ማክበር የታዘዘ ክርስቲያን እንዲህ ያለውን ውርስ ምን ያድርገው? ይቀበለው? ወይስ ከነሰጪዋ ይጣለው?

መልሱን የማገኘው በነገሥታቱ ታሪክ ውስጥ ነው። የይሁዳ ንጉሥ ምናሴ 55 ዓመት ነገሠ፤ ጣዖት በቤተ መቅደስ አቆመ፤ የንጹሐንን ደም አፈሰሰ። ልጁ አሞን 2 ዓመት ብቻ ነግሦ ተገደለ። ከእርሱ ቀጥሎ በ8 ዓመቱ የነገሠው የልጅ ልጁ ኢዮስያስ ግን ጣዖታቱን የሰባበረ ደግ ንጉሥ ሆነ። አባቱ ክፉ፣ አያቱ ከክፉም የከፋ፤ ታዲያ ይህ ልጅ ደግነትን ከየት አመጣው? ሒሳቡን ብናሰላው አያቱ ሲሞት ኢዮስያስ 6 ዓመት ገደማ ነበር። መጽሐፈ ዜና መዋዕል ደግሞ ምናሴ ተማርኮ ወደ ባቢሎን ከተወሰደ በኋላ ንስሐ እንደ ገባ፣ ወደ መንግሥቱ ሲመለስም ያቆመውን ጣዖት መልሶ እንዳወጣ ይተርካል። በስሙ የሚጠራው ጸሎተ ምናሴም በቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ይቆጠራል። ሕፃኑ ከአያቱ ምን እንዳየ መጽሐፉ አይናገርም። ኢዮስያስ የሚያውቀው አያት ያ ደም ያፈሰሰው ሳይሆን የተጸጸተው ሽማግሌ ይሆን? እያልሁ ግን አስባለሁ።

ወደ አያቴ ልመለስ። 12 ዓመት ሲሆነኝ በሰሙነ ሕማማት የነፍስ አባቷ ዘንድ ሄዳ መጣች። ምን እንዳሏት አላውቅም። የፋሲካ ዕለት ድፎ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣ እጄን ይዛ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ቤት ወረደች። በሩ ላይ ቆመችና «ይቅር ይበሉኝ» አለቻት። ዕድሜ ልኳን «አንቺ» ስትላት የነበረችውን፣ በዕድሜም የምታንሳትን ሴት አንቱ ስትላት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ሴትዮዋ ብዙ ዝም አለች፤ ከዚያ «ይግቡ፤ ቡናው ሳይቀዘቅዝ» አለች። ገባን፤ በላን፤ ጠጣን። ስንመለስ ዝም ብዬ ሳያት አያቴ «እኔ ያሰርሁብህን እኔው ልፍታው ብዬ ነው» አለችኝ።

ሁሉም ተስተካከለ አልልም። እኔና ልጁ እንደ ድሮው አልሆንንም፤ አራት ዓመት የራቁትን ሰው በአንድ ፋሲካ አይመልሱትም። እኔ ግን በዚያች ቀን ያየሁትን ከማንም ሰባኪ አላገኘሁትም። ወላጆቼ ገና በኑሮ ትግል መካከል ስለ ነበሩ ተሳስተናል ለማለት ጊዜም ድፍረትም አልነበራቸውም። አያት ለልጅ የምትሰጠው፣ ሌላው ሊሰጠው የማይችለው ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ሰው በእርጅናው እንኳ ሊመለስ እንደሚችል በዓይን ማሳየት።

ዛሬ በከተማችን አያት ወይ ያለ ደመወዝ ሞግዚት ናት፣ ወይ አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል በመስኮት የምትሰማ ናት። ልጆቿ ከውጭ አገር ገንዘብ ይልካሉ፤ የልጅ ልጆቿ በስልኩ መስተዋት እጃቸውን አወዛውዘው፣ ቋንቋው ስለማያግባባቸው ወዲያው ይሄዳሉ። ያው ሐዋርያ በፊተኛው መልእክቱ ባልቴቶችን ስለ መጦር ሲጽፍ ግን ዕዳውን በልጆች ላይ ብቻ አልጣለም፤ የልጅ ልጆችንም ለይቶ ጠርቷል። ጌታችንም ለመቅደስ ሰጥቻለሁ እያለ ወላጁን የሚነፍገውን ሰው ገሥጿል። ለሕንፃ ማሠሪያ መዋጮ እየሰጠን አያታችንን ደግፈን ደረጃውን ካላወረድናት ተግሣጹ ለእኛም ነው።

አያቶችም ሆይ፣ ጾማችሁን ብቻ አታሳዩን። የወደቃችሁበትንና የተነሣችሁበትንም ንገሩን፤ ያሰራችሁብን ካለም ሳትሞቱ ፍቱልን።

ዛሬ «አያት ያሳደገው» የሚለኝ ሰው ቢገኝ አልቆጣም። አዎን፣ ያሰረችብኝንም የፈታችልኝንም አውቃታለሁ እለዋለሁ።