ያልተነዳችው መኪና

ሦስት ነን፤ አንዳችን ከሰበታ፣ አንዳችን ከቡራዩ፣ አንዳችን ከሱሉልታ። ዕጣ ባንድ የመኝታ ክፍል ስላገናኘን ዓመቱን ሙሉ ስንከራከር ከርመናል። ይህን ጽሑፍ የወለደው ክርክር የተነሣው ግን በመዳፍ ውስጥ ከምትጠፋ አንዲት የብረት መኪና ነው።

መኪናዋ ያለችው ሱሉልታ፣ በጓደኛችን አያት ቤት፣ ባለመስተዋቱ ቡፌ ውስጥ ነው። በ1966 ዓ.ም. የአያቲቱ ታናሽ ወንድም ከሚማርበት ከእንግሊዝ አገር ለእኅቱ ልጅ፣ ማለትም ለጓደኛችን አባት፣ በሰው እጅ ላካት። ልጁ ያኔ ስድስት ዓመቱ ነበር። ካርቶኗ ተከፈተ፤ ጎረቤት ተጠርቶ አየ፤ ከዚያም «ትሰበራለች» ተብሎ ቡፌው ተቆለፈባት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አልተነዳችም። ጓደኛችንም በተራው በመስተዋት እያያት አደገ።

ለጥምቀት ሄደን አየናት። ሆዷ ላይ በእንግሊዝኛ «ሌዝኒ፣ በእንግሊዝ አገር የተሠራ» የሚል ተቀርጿል። ቀለሟ ትናንት የተቀባ ይመስላል። የቡራዩው ልጅ ወዲያው ስልኩን አውጥቶ መፈለግ ጀመረ። እንዲህ ያሉ አሮጌ መኪኖችን የሚሰበስቡ ሰዎች በየአገሩ ሞልተዋል፤ ካርቶኗ ያልተቀደደ፣ ጎማዋ ያልተንከባለለ መኪና ደግሞ ልጅ ከተጫወተባት ይልቅ እጅግ በበለጠ ዋጋ ትሸጣለች። ክርክሩ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። ለመሆኑ ማንም ያልተጫወተባት መጫወቻ፣ መጫወቻ ናት?

አርስቶትል «ፖለቲካ» በተባለው መጽሐፉ ጫማን ምሳሌ አድርጎ፣ አንድ ዕቃ ሁለት ዓይነት አገልግሎት እንዳለው ያስረዳል። ጫማን ይጫሙታል፣ ወይም በሌላ ነገር ይለውጡታል፤ ሁለተኛው ግን ጫማው የተሠራበት ዓላማ አይደለም። ማርክስም ይህንኑ ክር ይዞ ሩቅ ሄዷል። የሰበታው ጓደኛችን ይህን ጠቅሶ «በቃ፣ አለቀ!» አለ። ሰብሳቢው ዕቃን ከተሠራበት ዓላማ ያፋታል፤ የልጅን ደስታ በካርቶን አሽጎ ገበያ ያወጣል ማለቱ ነው።

እውነትም የዚህችን መኪና ታሪክ ላየ ነገሩ ያስቃል። ሌዝኒ በ1947 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የተቋቋመ ኩባንያ ነው። ከሰዎቹ አንዱ ጃክ ኦዴል፣ የልጁ ትምህርት ቤት ከክብሪት ሣጥን የማይበልጥ መጫወቻ ብቻ ይፈቅድ ስለነበር፣ በዚያው ልክ አንዲት ትንሽ የመንገድ መዳመጫ ሠራላት ይባላል። «ማችቦክስ» የሚለው ስም፣ ማለትም የክብሪት ሣጥን፣ የመጣው ከዚህ ነው። እንግዲህ በልጅ ኪስ ገብታ ትምህርት ቤት እንድትውል የታሰበች ዕቃ ነበረች። ኩባንያው በ1982 እ.ኤ.አ. ከሠረ፤ መኪኖቹ ግን በየሰው መስተዋት ውስጥ ቀሩ።

የእኛን ልጅነት ስናስታውስ ደግሞ ይብሳል። ሦስቱም ከተሞቻችን፣ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት፣ ከአዲስ አበባ በሚወጡ መንገዶች ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሱሉልታ በጎጃም በር። ልጅ አስፋልት ዳር ቆሞ የሚያልፈውን መኪና ሲያጠና ይውላል። ከዚያ ሽቦ ይፈልጋል (ከማን አጥር እንደመጣ አይጠየቅም)። ጋቢናው ከሽቦ ይታጠፋል፤ የሰርዲን ቆርቆሮ ካሶኒ ይሆናል። ጎማው ቆርኪ ነው፤ በዚህ በኩል ሰበታ የሜታ ቢራ አገር ስለሆነች ጓደኛችን እስከዛሬ ይኮራብናል። ቆርኪ ከጠፋ ካረጀ ሸበጥ እየተቆረጠ ጎማ ይወጣዋል። ረጅም ሽቦ ከፊት እግሩ ጋር ይታሰርና ጫፉ ክብ መሪ ይሆናል፤ ልጁ ሳያጎነብስ፣ ቆሞ እየሮጠ ይነዳል። ሞተሩ አፍ ነው። አባቶቻችን ኤንትሬና ውይይት ሠርተዋል፤ እኛ አይሱዙና ሚኒባስ ሠራን። ግፋ ቢል ወር ነው የሚቆዩት። ወይ ሲኖትራክ ይረግጣቸዋል፣ ወይ እናት ጠርጋ ትጥላቸዋለች። ዛሬ አንዷን እንኳ አሳዩን ብትሉን የለንም። ጣቶቻችን ግን ሽቦው የት ላይ እንደሚታጠፍ አልረሱም።

ስለዚህ ሦስታችንም በአንድ ድምፅ በሰብሳቢው ልንፈርድ ተቃርበን ነበር። በሰብሳቢው ወገን የቆመ አንድ ፈላስፋ ግን አለ፤ ዋልተር ቤንያሚን። በእሱ አስተያየት ሰብሳቢ ዕቃዎችን ጠቃሚ ከመሆን ባርነት ነፃ ያወጣቸዋል። መጀመሪያ ስናነበው ቅንጦት መስሎን ነበር። መኪና ነፃ ወጥቶ ምን ሊሆን ነው?

መልሱን ያገኘነው ከመጽሐፍ አይደለም። አያቲቱን ደፍረን «እማማ፣ ለምን ልጁ እንዲጫወትባት አልሰጡትም?» አልናቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣ «እናንተ ደግሞ፣ መኪና መሰለቻችሁ?» አሉን። ወንድማቸው በ1969 ወደ አገሩ ገባ፤ በዚያው ዓመት አንድ ማታ ከቤት ወጣ፣ አልተመለሰም። ፎቶግራፉንና ደብዳቤዎቹን ፍተሻ ፈርተው በገዛ እጃቸው አቃጠሉ። «ወረቀቱ ሁሉ አመድ ሆነ። ሱቅ ገብቶ፣ በእጁ መርጦ ያነሣት እሷ ብቻ ቀረችኝ» አሉ።

እንግዲህ የአርስቶትል ጫማ ሦስተኛም አገልግሎት አለው፤ ምስክርነት። መጀመሪያ «ዕቃ ነው» ተብላ የተቆለፈች መኪና ከ1969 ወዲህ ሰው ሆናለች። በሩቅ አገር ያለውን ሰብሳቢም ከዚያ በኋላ በፊተኛው ዓይን ማየት አቃተን። ከነጋዴው በቀር፣ እሱም የሚሰበስበው ብረት ላይሆን ይችላል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለን። የጓደኛችን አባት ግን ከበሩ ሥር ተቀምጠው ይሰሙን ኖሮ፣ «የተላከችው ለእኔ ነበር» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ናቸው። ድምፃቸው ውስጥ ቂም አልነበረም፤ ግን ልክ ናቸው። አጎትየው መኪናዋን ሲመርጥ ያሰበው የእኅቱን ልጅ እጅ እንጂ ቡፌ አልነበረም። እናትየው የወንድማቸውን መታሰቢያ ሲጠብቁ የወንድማቸውን ፈቃድ ሽረዋል። በእኛ አስተያየት ትልቁ በደል ቁልፉ አይደለም፤ ለልጁ የተነገረው ምክንያት ነው። «ትሰበራለች» ብቻ ተብሎ አደገ፤ የአጎቱን ነገር የሰማው ጎልምሶ ነው። በዚያ ዘመን ለልጅ ይህን መንገር ቤት ማስፈተሽ ሊሆን ይችል ነበር፤ እሱንም አንክድም። ቢሆንም ልጅ ለማያውቀው ኀዘን ዋጋ ከፈለ።

መቆለፍም ለዘላለም አያቆይም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩት «ዲንኪ» የሚባሉት መኪኖች ለዚህ ማስረጃ ናቸው። ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ በሚገባው ዚንክ ላይ ጥቂት እርሳስ ከተቀላቀለ፣ ብረቱ ከዓመታት በኋላ ማንም ሳይነካው ከውስጥ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይፈረፈራል። ነቀዝ እንደበላው እህል ነው፤ መድኃኒትም የለውም። የሱሉልታዋ መኪና ከዚያ ዘመን በኋላ የተሠራች ስለሆነች እስካሁን ደኅና ናት።

የቡራዩው ልጅ መሸጥ የሚለውን ሐሳቡን ትቶታል። የሰበታው «ትውጣና ትነዳ» እንዳለ ነው። ባለቤቱ ልጅ ራሱ ምንም አይልም። ታናሽ እኅቱ ሰባት ዓመቷ ነው፤ በቡፌው መስተዋት ላይ በቁመቷ ልክ ትንንሽ የጣት አሻራ አለ፤ እማማ ቅዳሜ ቅዳሜ ይወለውሉታል።