ለጦርነት ስም የሚያወጣው ማን ነው?

ዶናልድ ትራምፕ በሴፕቴምበር 2025 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር «የጦር ሚኒስቴር» ተብሎም እንዲጠራ ሲያዝዙ ሁለት ጎራ ተፈጠረ። አንዱ ጦር ናፋቂነት ነው አለ። ሌላው፣ ትራምፕን የማይወዱም ያሉበት፣ «ቢያንስ ሽፍንፍኑ ቀረ» አለ። ስሙ እስከ 1947 ድረስ ያገለገለ ነው፤ እኛም ብንሆን ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን የምናውቃቸው በጦር ሚኒስትርነታቸው ነው። ልቤ ወደ ሁለተኛው ጎራ ያደላል። ግን የሚከነክነኝ ነገር አለ።

ደራሲው ጆርጅ ኦርዌል በ1946 ስለ ጉዳዩ ከጻፈ ወዲህ የእንግሊዝኛው የጦርነት ቋንቋ ሬሳን በለስላሳ ቃል እንደሚሸፍን የማያውቅ የለም። ሲቪል ሲገደል «ተጓዳኝ ጉዳት» ይባላል፤ ይህን ሰምቶ የሚታለል ጥቂት ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ማንንም ሳያታልል ተጠያቂነትን የሚያስቀር ቃል ነው።

አሜሪካ በ2011 ሊቢያን ስትደበድብ የሆነውን እንይ። በ1973 የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ ፕሬዚዳንቱ ወታደሮቹን «ሆስቲሊቲስ» (የጠብ ድርጊት) ውስጥ ካስገባ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ የኮንግረስን ፈቃድ ካላገኘ እንዲያቆም ያዝዛል። ቃሉ «የትጥቅ ግጭት» ከሚለው እንኳ እንዲሰፋ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው። 60ው ቀን አለፈ፤ ድብደባው አልቆመም። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የሕግ አማካሪ ሃሮልድ ኮ ሴኔት ፊት ቀርበው ተከራከሩ፦ እግረኛ ጦር አልገባም፣ አሜሪካዊ የመሞቱ ዕድል አነስተኛ ነው፣ የዘለቀ የተኩስ ልውውጥ የለም፤ ስለዚህ ሆስቲሊቲስ አይደለም። ቦምብ መጣሉን ማንም አልካደም። ነገሩ የተመዘነው ግን ቦምቡ በሚወርድበት ሰው ሳይሆን በሚያወርደው ሰው ደኅንነት ነው። በዚህ ሚዛን፣ ተመቺው መልሶ መምታት ካልቻለ ውጊያ የለም ማለት ነው! በሚኒስቴሩ በር ላይ የሚሰቀል ሐቀኛ ታፔላ ይህን አያርመውም።

«እንግዲያው ሁሉን በስሙ እንጥራ» የሚል ይመጣል። ይህን በደፈናው እንዳልቀበል የምታግደኝ የራሳችን ታሪክ ናት። ጣሊያን በኦክቶበር 1935 ጦርነት ሳታውጅ ስትወረን፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በቀናት ውስጥ «ጦርነት አለ» ብለው በይፋ አወጁ። እውነት ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት የወጣው የገለልተኝነት ሕግ፣ ጦርነት ከተባለ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ መሸጥን ይከለክል ነበር። መሣሪያ በራሷ ፋብሪካ የምታመርተው ጣሊያን ምን ይጎድልባታል? ነዳጁም ከአሜሪካ መሄዱ አልቆመም። በጄኔቫ የመንግሥታቱ ማኅበርም ጣሊያን ቃል ኪዳኑን ጥሳ ጦርነት ከፍታለች ብሎ በግልጽ ወሰነ፤ ማዕቀቡ ግን ነዳጅን አልነካም። በ1937 ጃፓን ቻይናን ስትወር ደግሞ እኒያው ሩዝቬልት፣ የገለልተኝነት ሕጉ ቻይናን እንዳይጎዳ ሲሉ «ጦርነት» ከማለት ተቆጠቡ። ዝምታው ተጠቂዋን ጠቀማት። ታዲያ ለእውነት እቆረቆራለሁ የሚል ሰው፣ እኛን የጎዳውን ቃል አወድሶ ቻይናን የረዳውን ዝምታ ሊኮንን ነው? እኔ አልችልም።

ምናልባት ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ሩዝቬልት የሰየሙት የሌሎችን ጦርነት ነበር፤ በ2011 ግን ስም ያወጣው ራሱ ደብዳቢው ነው። ስሙ ከግዴታ የሚያስመልጠው ወገን ራሱ ስም አውጪ አይሁን ብል ያስኬደኛል። ከዚህ በላይ አልሄድም፤ በ1935 ስም ያወጣልን ተዋጊ አልነበረም፣ አልበጀንምም።

የ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነቶች በዚህ በኩል ብልህ ናቸው፤ ከተፋላሚዎቹ አንዱ ጦርነት መኖሩን ባይቀበልም እንኳ ይሠራሉ። የአሜሪካው የ1973 ሕግ ግን ሆስቲሊቲስ ምን እንደሆነ የሚተረጉም አንቀጽ የለውም፤ ትርጉሙን መጀመሪያ የሚሰጠው ፕሬዚዳንቱ ነው።